ስንዴ ስለሚዘራበት አፈር ምርመራና አፈሩ ለስንዴ ስለሚሰጠው ምግብ

ያገራችን ገበሬ አፈሩን ሳያውቅ አያርስም። መረሬውን ከቀዩ፣ ጭንጫውን ከቦዳው፣ ያረፈውን መሬት ካረጀው ለይቶ በየስሙ ይጠራል። ስንዴ ባቄላ ወይም አተር ባለፈበት መሬት እንደሚያምር፣ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደጋገም ግን እየከሳ እንደሚሄድ ከአባቱ ተምሮታል። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም፤ አፈር መርማሪም ወደ አንድ ቀበሌ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የቀበሌውን ሽማግሎች ጠይቆ የሚነግሩትን ቢጽፍ ግማሹ ድካም ይቀርለታል። ነገር ግን ዓይን የሚያየው የአፈሩን መልክ፣ ጥልቀቱንና የሚያበቅለውን ሣር ነው። መሬቱ ለስንዴው የነፈገው ምግብ ናይትሮጅን ይሁን ወይም ፎስፎረስ፣ ወይም ደግሞ አፈሩ ኮምጥጦ የስንዴውን ሥር አላስኬድ ብሎት እንደ ሆነ ዓይን ብቻውን ለይቶ አይፈርድም። በሩቅ ለሚመለከት ሰው የሦስቱም ምልክት አንድ ይመስላል፤ ቡቃያው ይቀጭጫል፣ ማሳው ይሳሳል፣ ዛላው ያጥራል። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ናይትሮጅን ላጣ መሬት ዩሪያ፣ ፎስፎረስ ላጣው ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ፣ ለኮመጠጠው ኖራ ያስፈልገዋልና አንዱን በሌላው ፈንታ የሰጠ ሰው ገንዘቡን በወንዝ እንደ ጣለ ይቆጠራል።

ይህ ነገር ሹማምንትንና ባለይዞታዎችን ስለ ምን እንደሚመለከት ለመናገር ረዥም ቃል አያስፈልግም። ማዳበሪያ በውጭ አገር ገንዘብ ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያም ተጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣ ዕቃ ነው። ገበሬውም ብዙውን ጊዜ በብድር ይወስደዋል፤ ስንዴው ቢያፈራም ባያፈራም ዕዳው አይቀርለትም። ለብዙ ዓመታት ደግሞ ባገሪቱ ሁሉ፣ ለደጋውም ለወይና ደጋውም፣ ለመረሬውም ለቀዩም፣ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል አንድ ልክ ይነገር ነበር። ይህ ልክ ምንም ካለመስጠት የተሻለ እንደ ነበረ አይካድም፤ ቢሆንም ለትልቁም ለትንሹም በአንድ ልክ ጫማ እንደ መስፋት ያለ ሥራ ነበረ። አንዱ ገበሬ ለማያስፈልገው ነገር ሲበደር ጎረቤቱ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም በአፈር ውስጥ ያለው ምግብና ስንዴው ከአፈር የሚያገኘው ምግብ አንድ አለመሆኑ ነው። የአንድ ሄክታር መሬት አፈር፣ ማረሻ እስከሚደርስበት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለው ብቻ ቢመዘን፣ እንደ አፈሩ ጥብቀት 2,400,000 ኪሎ ያህል ይከብዳል። በዚህ አፈር ውስጥ ከመቶ 0.12 እጅ ናይትሮጅን ቢገኝ በሄክታሩ 2,880 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል 30 ኩንታል ስንዴ የሚሰጥ ማሳ በፍሬውና በገለባው አድርጎ ከአፈር የሚያወጣው ናይትሮጅን ወደ 75 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ ይህን ሒሳብ ብቻ የተመለከተ ሰው፣ መሬቱ ሠላሳና አርባ ዓመት ያለ ማዳበሪያ ይበቃል ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ናይትሮጅኑ ማለት ይቻላል ሁሉም በበሰበሰው ሥርና ቅጠል፣ በፍግና በሞቱ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ታስሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን እየበሉ ፈትተው ወደ ውሃው የሚለቁት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት እጅ ነው። ከ2,880 ኪሎው በዓመቱ የሚፈታው 40 ኪሎ ያህል ቢሆን ስንዴው የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ጎተራው ሙሉ ሳለ በየቀኑ በአንድ ጣሳ እየተለካ የሚሰጠው ቤተ ሰብ ይመስላል።

የፎስፎረስ ነገር ከዚህም ይብሳል። ፎስፎረስ በቀዩ አፈር ውስጥ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር፣ ኖራ በበዛበት አፈር ደግሞ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በአንድ ሄክታር ውስጥ ወደ 2,000 ኪሎ የሚጠጋ ፎስፎረስ እያለ ስንዴው ሊያገኘው የሚችለው አሥራ አምስት ኪሎ እንኳ የማይሞላበት መሬት ብዙ ነው። ከማዳበሪያ ጋር የተሰጠውም ፎስፎረስ ወዲያው መጣበቅ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከዘሩ አጠገብ በመስመር ቢደረግ ይሻላል እንጂ በማሳው ላይ ቢበተን ብዙው ይባክናል። ናይትሮጅን በተቃራኒው የሚጣበቅ አይደለም፤ ናይትሬት ወደሚባለው መልክ ከተለወጠ በኋላ ዝናብ ሲበዛ ከውሃው ጋር ከሥሩ በታች ይወርዳል፣ ውሃ በሚተኛበት መረሬ ላይ ደግሞ ወደ ጋዝ ተለውጦ ከአየሩ ጋር ይሄዳል። አንዱ እጅግ የሚቀመጥ፣ ሌላው እጅግ የሚሸሽ ስለ ሆነ ምርመራቸውም አንድ ዓይነት ሊሆን አልቻለም።

ይህን ልዩነት አውሮፓውያንም ያወቁት በአንድ ጊዜ አይደለም። ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ ተክል ከአፈር የሚወስደው ማዕድን መሆኑን አስረድቶ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ የአፈሩን ጠቅላላ ማዕድን መዝኖ የጎደለውን መሙላት ይበቃል የሚል ተስፋ በረታ። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ ጆን ቤኔት ሎስና ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት በ1843 ብሮድባልክ በሚባለው ማሳ ላይ ስንዴ ዘርተው፣ ለአንዱ ቁራሽ ፍግ፣ ለአንዱ ናይትሮጅን፣ ለአንዱ ማዕድን ብቻ፣ ለአንዱም ምንም ሳይሰጡ መመዘን ጀመሩ። ያ ማሳ እስከ ዛሬ ይዘራል። ምንም ያልተሰጠው ቁራሽ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በኋላም በሄክታር ወደ አሥር ኩንታል ገደማ ይሰጣል፤ ይህም አፈሩ ከጎተራው እየለካ የሚሰጠው መሆኑ ነው። በ1883 ዮሃን ኬልዳል በኮፐንሃገን የናይትሮጅንን ልክ የሚያወጣበት ዘዴ ተገኘ፤ ዛሬም ላቦራቶሪዎች በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የበርናርድ ዳየር ሥራ ነው። ይህ ሰው የብዙ ተክሎችን ሥር ውሃ ኮምጣጣነት ለክቶ፣ በዚያ ልክ የሎሚ አሲድ በውሃ በጥብጦ፣ የሮታምስቴድን አፈር በ1894 አጠበው። የየማሳው ታሪክ በመዝገብ ስለ ነበረ የትኛው ፎስፌት እንደ ተሰጠው፣ የትኛው እንዳልተሰጠው ያውቅ ነበር። ጠቅላላው ፎስፎረስ በማሳዎቹ መካከል ያሳየው ልዩነት መጠነኛ ሲሆን በሎሚ አሲዱ የታጠበው ግን በብዙ እጥፍ ተለያየ፤ ከምርቱም ጋር ተስማማ። ከዚህ ወዲህ የአፈር ምርመራ ማለት አፈሩን ሁሉ አቅልጦ መመዘን መሆኑ ቀርቶ፣ የተክል ሥር ሊወስደው የሚችለውን ያህል ብቻ የሚያጥብ ውሃ መፈለግ ሆነ። ብሬይና ኩርትዝ በ1945 ለኮመጠጠ አፈር፣ ኦልሰንና ባልደረቦቹ በ1954 ኖራ ለበዛበት አፈር፣ ሜሊክ ደግሞ በ1984 ብዙ ምግቦችን ባንድ ጊዜ ለማጠብ የሠሯቸው ውሃዎች ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ላቦራቶሪው ምንም ቢራቀቅ የሚመረምረው የተላከለትን አፈር ነው። በኦልሰን ዘዴ ለፎስፎረስ የሚታጠበው አፈር 5 ግራም ብቻ ነው፤ አምስት ግራም አፈር ስለ 2,400,000 ኪሎ ይመሰክራል ማለት ነው። ምስክሩ ሐሰተኛ ከሆነ ፍርዱ ሁሉ ይጣመማልና፣ ከምርመራው ሥራ ሁሉ እጅግ ጥንቃቄ የሚያሻው አፈሩ ከማሳው የሚነሣበት ጊዜ ነው። ያለመታደል ሆኖ ብዙውን ጊዜ ይህ ሥራ ለታናሹ ሠራተኛ ይተዋል፤ እርሱም ፀሐይ ከመክረሩ በፊት ለመመለስ ሲል ከመንገድ ዳር ሁለት አካፋ አንሥቶ የወረዳው አፈር ነው ብሎ ይልካል። የመንገድ ዳር አፈር ከመንገዱ አቧራና ጠጠር የተቀላቀለ ስለ ሆነ የማንንም ማሳ አይወክልም።

በደንብ የሚደረግበት ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። መሬቱ አስቀድሞ በመልኩና በአቀማመጡ ይከፈላል። ተረተሩ፣ ተዳፋቱና ሸለቆው፣ ቀዩና ጥቁሩ፣ አምና ባቄላ የነበረበትና ስንዴ የነበረበት ለየብቻ ይሆናል፤ የእነዚህን አፈር አንድ ላይ ቀላቅሎ መላክ የአባትንና የልጅን ዕድሜ ደምሮ ለሁለት እንደ መክፈል ነው፤ የሚወጣው ቁጥር የማንም ዕድሜ አይደለም። በእያንዳንዱ ክፍል ሠራተኛው ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ እየሄደ ከ15 እስከ 20 ከሚሆን ቦታ አፈር ያነሣል። በላይ ያለውን ገለባና ሣር ይጠርግና እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ቀጥ አድርጎ ይቆፍራል፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ ውፍረት የሆነ ቅጠሊት አፈር ከጎኑ ይቆርጣል። ከላይ ብዙ፣ ከታች ጥቂት ካነሣ ፎስፎረሱ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል፤ ማዳበሪያና ፍግ በላዩ ስለሚከማቹ ነው።

የማይነሣበትም ቦታ አለ። በረት ከነበረበት፣ ቤት ከፈረሰበት፣ ከአውድማ፣ ከዛፍ ጥላ፣ ከኩይሳ አጠገብ፣ አዲስ ከተካበ እርከን ሥር፣ ሣርና አፈር ተከምሮ ከተቃጠለበት፣ አምና ማዳበሪያ ከተከመረበት ስፍራ አይወሰድም። የጓሮ መሬት ለብቻው ይሁን። በየዓመቱ አመድና ፍግ የሚጣልበት ስለ ሆነ በፎስፎረስና በፖታስ ከሩቁ ማሳ እጅግ ይበልጣል፤ አንድ አካፋ የጓሮ አፈር ብቻ ከሌላው ጋር ቢገባ የድኻውን ማሳ ባለጸጋ አድርጎ ያቀርበዋል። በዚህም ምክንያት ወረዳው ማዳበሪያ አያስፈልገውም ተብሎ ቢጻፍ የሚጎዳው ጓሮ ያለው ሰው አይደለም።

የተነሣው ሁሉ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ተደርጎ ይፈረካከስና ይቀላቀላል። የዚንክ ልባስ ያለው ባልዲ አይሁን፤ ዚንክ የሚመረመር እንደ ሆነ ቁጥሩን ያበላሻል። ከዚያም ባልዲው በጨርቅ ላይ ይገለበጥና ክምሩ ተንጠፍጥፎ በመስቀል ቅርጽ ለአራት ይከፈላል፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ተጥለው የቀሩት ሁለቱ እንደገና ይቀላቀላሉ። ግማሽ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ እንደዚህ ይደረጋል። የቀረውም በጥላ ይሰጣ። እርጥብ አፈር በከረጢት ታስሮ ሦስት ቀን ቢቆይ ጥቃቅኖቹ ሕያዋን ሥራቸውን ስለማያቆሙ ናይትሬቱ ይለወጣል፤ በፀሐይ ወይም በእሳት የደረቀም እንደዚሁ ባሕርዩ ይለወጣል። ከሁሉ በላይ አፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ፈጽሞ አይደረግ። ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው፤ ከረጢቱ ጠንካራና በየቤቱ የሚገኝ በመሆኑ ሠራተኛውን ያታልለዋል፤ በስፌቱ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ፍሬ ግን ምርመራውን ሁሉ ከንቱ ታደርጋለች። የማሳው ስም፣ ቀበሌው፣ የተነሣበት ቀንና ጥልቀት፣ ያለፈው ዓመት ሰብልና የተሰጠው ማዳበሪያ በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ አንዱ በከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱ በውጭ ይሁን። በቀለም የተጻፈ ርጥበት ሲነካው ይጠፋል።

ጊዜውም ከመከር በኋላ፣ መሬቱ ሳይታረስና ማዳበሪያ ሳይነካው ነው። እንደዚህ ቢሆን ከረጢቱ ወደ አዲስ አበባ ወይም እንደ ባሕር ዳርና ነቀምቴ ባሉ የክልል ከተሞች ወደሚገኙት የአፈር ላቦራቶሪዎች ደርሶ መልሱ ከሰኔ በፊት ይመጣል። በግንቦት መጨረሻ ተነሥቶ መልሱ በነሐሴ የመጣ ምርመራ ለመዝገብ ቤት እንጂ ለስንዴ አይጠቅምም።

መልሱ በመጣ ጊዜ ሹሙ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ፒ ኤች የሚባለውን ቁጥር ነው። ሰባት መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች ኮምጣጣ፣ ከዚያ በላይ ጨዋማና ኖራማ ወደ መሆን ይሄዳል። ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ በአሥር እጥፍ እንደሚጨምር ማወቅ ይገባል፤ ስለዚህ 5 እና 6 የሚቀራረቡ መስለው ሊታዩ አይገባም። ቁጥሩ ከ5.5 በታች ከሆነ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየተፈታ የስንዴውን ሥር ያሳጥራል፤ ፎስፎረሱንም ይይዘዋል። እንዲህ ላለው መሬት ማዳበሪያ ጨምሩበት ብሎ ማዘዝ አፉ ለተሰፋ ከረጢት እህል እንደ ማፍሰስ ነው። ካገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶ አርባ እጅ የማያንሰው በኮምጣጣነት የተነካ መሆኑ ይነገራል፤ ይልቁንም ዝናብ በሚበዛበት በምዕራቡና በሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ በጎጃምና በወለጋ የበረታ ነው። በአገው ምድር ገብስና ስንዴ እንቢ ባለው መሬት ላይ ገበሬው ዛፍ መትከል ጀምሯል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲሆን ልኩ በምርመራ የሚወሰን ነው፤ በሄክታር 20 ኩንታልና ከዚያም በላይ የሚጠይቅ መሬት ብዙ ስለ ሆነ፣ የኖራ ነገር ከኬሚስትሪ ይልቅ የመንገድና የመኪና ጉዳይ ይሆናል። ይህም የገበሬው ሳይሆን የሹሙ ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የፎስፎረሱ ቁጥር ይታያል። ወረቀቱ በየትኛው ዘዴ እንደ ታጠበ ካልገለጸ ቁጥሩ ትርጕም የለውም። በኦልሰን ዘዴ 10 ሚሊግራም በኪሎ የተባለና በሜሊክ ዘዴ 10 የተባለ አፈር አንድ አይደሉም፤ እንደ እንቅብና እንደ ቁና በተለያየ መስፈሪያ የተሰፈረ እህል ነው። ኦልሰን አፈሩን በሶዳ ቢካርቦናት ውሃ ለ30 ደቂቃ አስነቅንቆ ያጣራዋል፤ ከተጣራው ውሃ ጋር ሞሊብደን ሲገናኝ ሰማያዊ ቀለም ይወጣል፣ የቀለሙም ድምቀት ፎስፎረሱን ይናገራል። በዚህ ዘዴ ከ10 በታች የሆነ አፈር ላይ ስንዴ ለፎስፎረስ ማዳበሪያ መልስ እንደሚሰጥ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ከ20 በላይ በሆነው ላይ መልሱ ጥቂት ነው።

ስለ ፖታስ ብዙ መናገር አያስፈልግም። መርፊ የተባለው መምህር ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ባወጣው ጥናት ያገራችን አፈር በፖታስ የበለጸገ ሆኖ ስለ ታየ ለረዥም ዘመን ፖታስ አልተሰጠም። ነገር ግን ፖታስ ይበልጡን በገለባው ውስጥ ያለ ነው፤ ገለባው ከማሳው እየተጋዘ ለከብት ሲሆን፣ ኩበቱም ሲነድ፣ መሬቱ በየዓመቱ ያጣዋል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጢስ ይሄዳል፤ ፎስፎረሱና ፖታሱ ግን በአመዱ ይቀራል። አመዱን በጓሮ ብቻ ከመድፋት ወደ ማሳው ማውጣት ብር የማይጠይቅ ማዳበሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። የላቦራቶሪ ቁጥር በማሳ ላይ እስካልተመሰከረለት ድረስ ግምት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያገሪቱ አፈር በሰፊው ተነሥቶ በተመረመረ ጊዜ ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ ሌላ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ የጎደለበት ወረዳ ብዙ መሆኑ በካርታ ተሣለ፤ ዳፕም በኤንፒኤስና በሌሎች ቅልቅል ማዳበሪያዎች ተተካ። ይህ ታላቅ ሥራ ነበረ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በገበሬ ማሳ ከተደረጉት ሙከራዎች ብዙዎቹ እንዳሳዩት ስንዴው ይበልጡን የመለሰው ለናይትሮጅንና ለፎስፎረስ ነው፤ የሌሎቹ ጥቅም በአንዳንድ ስፍራ ሲታይ በብዙ ስፍራ አልታየም። ካርታው ዋሸ ማለት አይደለም፤ ውሃው ያጠበውን ተናገረ፤ ስንዴው ግን የራሱ ፍርድ አለው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ ከዋና ዋና አፈሮቹ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት የምስክር ማሳ ቢያኖር ይጠቅመዋል። ወጪው ጥቂት ነው። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ አራት ቁራሾች ይለካሉ፤ ለአንዱ ምንም አይሰጥም፣ ለአንዱ ናይትሮጅን ብቻ፣ ለአንዱ ፎስፎረስ ብቻ፣ ለአራተኛው ሁለቱም ይሰጣል። ዘሩ፣ አረሙና የመዝሪያው ቀን አንድ ይሁን። በመከር ጊዜ እያንዳንዱ ቁራሽ ለብቻው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ይመዘናል። መቶ ካሬ ሜትር የሄክታር መቶኛ እጅ ስለ ሆነ በቁራሹ የተገኘው እያንዳንዱ ኪሎ በሄክታር አንድ ኩንታል ነው፤ 14 ኪሎ የተመዘነበት 14 ኩንታል፣ 31 ኪሎ የተመዘነበት 31 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ለማስላት የተማረ ሰው አያስፈልግም፤ ገበሬዎቹም በዓይናቸው አይተው በሚዛን ያረጋገጡትን ነገር በስብሰባ ከሚነገራቸው ይልቅ ያምናሉ።

የማዳበሪያውም ልክ በዚህ ይወጣል። በላይ የተጠቀሰውን ማሳ ብንወስድ፣ 30 ኩንታል ለማግኘት 75 ኪሎ ናይትሮጅን ሲያስፈልግ አፈሩ 40 ይሰጣል፤ የጎደለው 35 ነው። ነገር ግን ከሚሰጠው ማዳበሪያ ስንዴው የሚወስደው ቢበዛ ግማሹን ያህል ስለ ሆነ 70 ኪሎ ናይትሮጅን ሊሰጠው ይገባል። ፎስፎረሱ ጎድሎ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ ቢደረግለት በዚያ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ የቀረውን 51 ኪሎ ለማሟላት 110 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይበቃል፤ ይህም ባንድ ጊዜ ሳይሆን ከፊሉ በዘር ጊዜ፣ ከፊሉ ስንዴው ሥር ሰዶ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ይሰጣል። አምና ባቄላ የነበረበት ማሳ ከሆነ ይህ ልክ ይቀነሳል።

ምርመራው የማይናገረውም ነገር አለ። ውሃ በሚተኛበት መረሬ ላይ ቁጥሩ ናይትሮጅን ጎደለ ይላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሃው በቦይ ሳይወጣ ዩሪያ ቢጨመር እርሱም ወደ አየር ይሄዳል። ዋግንም ምርመራው አያውቀውም፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዓይነት የዘሩ፣ ማዳበሪያቸውንም በደንብ የሰጡ ብዙ ገበሬዎች ምርታቸውን አጥተዋል።

የመሬት አያያዝንም ላቦራቶሪ አይመረምረውም፤ ባለይዞታዎች ግን ሊያስቡት ይገባል። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተጀመረው፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የእርሻ ልማት ሥራ፣ በስንዴ ላይ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሙከራ አድርጎ ምርቱ እጅግ እንደሚጨምር አሳየ። ስንዴ አትራፊ በሆነ ጊዜ ግን አያሌ ባለመሬቶች በትራክተር ለማረስ ሲሉ ጢሰኞቻቸውን አስነሡ፤ ሥራው ይጠቅማቸዋል ተብለው ከታሰቡት ብዙዎቹ መሬቱን ለቀው ሄዱ። ጢሰኝነት በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ቀርቷል። ቢሆንም ዛሬም በእኩልና በኪራይ የሚታረስ መሬት ብዙ ነው። ኖራ የተበተነበት መሬት ጥቅሙን የሚሰጠው ለአያሌ ዓመታት ነውና፣ ለአንድ መከር ብቻ የተከራየ ሰው 20 ኩንታል ኖራ ገዝቶ በሰው መሬት ላይ አይበትንም። ባለይዞታው የኖራውን ዋጋ ከፊሉን ቢችል፣ ወይም የኪራዩን ዘመን ሦስትና አራት ዓመት ቢያደርገው፣ መሬቱም ይድናል፣ ያራሹም ድካም ዋጋ ያገኛል።

የምርመራው ወረቀት በወረዳው ጽሕፈት ቤት በማሳው ስም ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ አንድ ግልባጭም ለገበሬው ይሰጠው። ፎስፎረሱና ኮምጣጣነቱ ቶሎ ስለማይለወጡ በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ ቢመረመር ይበቃል፤ ኖራ የተሰጠው ማሳ ግን ከኖራው በኋላ ባለው ሁለተኛ ዓመት ይታይ። ሁልጊዜም አፈሩ በዚያው ወር፣ በዚያው ጥልቀት፣ ከተቻለም ወደዚያው ላቦራቶሪ ተልኮ በዚያው ዘዴ ይመርመር፤ አለዚያ የቀድሞውና ያሁኑ ቁጥር ሊነጻጸሩ አይችሉም።